ማራገፊያው ከፕሮግራሙ ሲብስ፦ የሶኒ ቢኤምጂ ሲዲዎች ጉዳይ

ፕሮግራም ማራገፊያ ሶፍትዌሮችን የሚያወዳድሩ ጽሑፎች ሞልተዋል። የትኛው ፈጥኖ ይጨርሳል፣ የትኛው በነፃ ይገኛል፣ የትኛው ትርፍራፊ ፋይል አያስቀርም። አንድ ነገር ግን ብዙም አይነሳም። ማራገፊያውም እኮ ፕሮግራም ነው። እሱስ ሥራውን ሲጨርስ ምን ትቶ ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ የቆየ ጉዳይ አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያስታውሰው ከሙዚቃ ሲዲ ጋር ተደብቆ በገባው ፕሮግራም ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ፕሮግራሙን ለማጥፋት ሲሞከር የሆነው።

ከሲዲው ጋር የገባው

ሶኒ ቢኤምጂ የሙዚቃ ሲዲዎቹ በኮምፒውተር እየተቀዱ መሠራጨታቸውን ማስቆም ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ፈርስት ፎር ኢንተርኔት የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ የሠራውን ኤክስሲፒ የሚባል የቅጂ መከላከያ ሲዲዎቹ ላይ አደረገ። ሲዲው ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ በራሱ ይነሳና የስምምነት ጽሑፍ ያቀርባል። አልስማማም ያለ ሰው ሲዲው ተመልሶ ይወጣበታል። የተስማማው ደግሞ ሙዚቃውን የሚሰማበት ማጫወቻ ይጫንለታል። ከሦስት ቅጂ በላይ ማድረግ ግን አይችልም።

ስምምነቱ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚጫንና እስኪወገድ ድረስ እዚያው እንደሚቆይ ይናገራል። እንዴት እንደሚወገድ ግን አይናገርም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ያነበበውም ቢሆን እዚህ ላይ ቆም የሚል አይመስለኝም። "እስኪወገድ ድረስ" ከተባለ ማራገፊያ አለው ማለት ነው ብሎ ያልፋል።

ኦክቶበር 31 ቀን 2005 ማርክ ሩሲኖቪች ያገኘውን ጽፎ አወጣ። ሩሲኖቪች የዊንዶውስን ውስጥ አብጠርጥረው ከሚያውቁ ሰዎች አንዱ ነው። ከብራይስ ኮግስዌል ጋር ሆኖ ሲስኢንተርናልስን የመሠረተ፣ እንደ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርና አውቶራንስ ያሉ መሣሪያዎችን ያወጣ ሰው ነው። ያን ሰሞን ሩትኪት ሪቪለር የሚባለውን መሣሪያቸውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እየሞከረ ነበር። ሩትኪት ማለት ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ራሱንና ሌላ ነገርን ከባለቤቱ የሚሰውር ፕሮግራም ነው።

የመሣሪያው ሐሳብ ቀላል ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስን "ምን ምን ፋይል አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎ ዲስኩን ራሱ ያነባል። ሁለቱ ዝርዝሮች ካልገጠሙ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። አልገጠሙም። የተደበቀ ፎልደር፣ የተደበቁ ድራይቨሮች (የዊንዶውስ አካል ሆነው ውስጡ የሚሠሩ ፕሮግራሞች)፣ የተደበቀ ፕሮግራም ወጡ። ዱካውን ሲከተል ፈርስት ፎር ኢንተርኔት ጋ ደረሰ። ከዚያም ቀደም ብሎ ወደገዛው የቫን ዛንት ወንድማማቾች ሲዲ።

አደባበቁ እንዲህ ነበር። አሪስ የሚባል ድራይቨር ዊንዶውስ ልብ ውስጥ ገብቶ የጥያቄና መልሱን መስመር ይይዛል። ስሙ በዶላር ምልክት፣ ቀጥሎ "ሲስ"፣ ቀጥሎ እንደገና በዶላር ምልክት የሚጀምር ማንኛውም ነገር ከመልሱ ውስጥ ተነጥሎ ይቀራል። ፋይል ይሁን፣ ፎልደር ይሁን፣ የሬጂስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያኖርበት መዝገብ) ቁልፍ ይሁን፣ እየሠራ ያለ ፕሮግራም ይሁን፣ ልዩነት የለውም። ሩሲኖቪች የኖትፓድን ቅጂ ወስዶ በዚህ ስም ቢጠራው ዓይኑ እያየ ጠፋ።

ይህ ማለት ደግሞ መደበቂያው የሶኒ ቢኤምጂን ፕሮግራም ብቻ አይደለም የሚደብቀው። ስሙን በዚያ መንገድ የጀመረ የማንንም ነገር ይደብቃል። ብዙም ሳይቆይ የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት አጭበርባሪ ተጫዋቾች ዘዴያቸውን ከጨዋታው ተቆጣጣሪ ለመሰወር ተጠቀሙበት። ኖቬምበር 10 ላይ ደግሞ በዚሁ ስም የሚደበቅ የመጀመሪያው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተገኘ።

ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር እንዴት ይራገፋል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሩሲኖቪች በዊንዶውስ የፕሮግራም ማከያና ማስወገጃ ገጽ ላይ ስሙን ፈለገ። የለም። ማራገፊያ ፋይልም አብሮ አልመጣም።

የማራገፊያ ሶፍትዌሮች ዝርዝራቸውን ከየት እንደሚያመጡ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፕሮግራም ሲጫን ሬጂስትሪ ውስጥ "አንኢንስቶል" በሚባል ቁልፍ ሥር ራሱን ያስመዘግባል። ስሙን፣ የሠሪውን ስም፣ ለመራገፍ የሚጠራውን ትእዛዝ። የዊንዶውስ ገጽ የሚያሳየን ይህንኑ ነው። የውጪ ማራገፊያዎችም በመጀመሪያ የሚያነቡት ይህንኑ ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት በሁለት እርምጃ ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙን የራሱን ማራገፊያ ያስነሳሉ። ከዚያ በስሙ የቀሩ ፋይሎችንና የሬጂስትሪ ቁልፎችን አስሰው "እነዚህንም ላጥፋቸው?" ይላሉ።

ኤክስሲፒ ላይ ሁለቱም እርምጃዎች አይሠሩም። መዝገቡ ላይ ስላልሰፈረ የሚነሳ ማራገፊያ የለም። ትርፍራፊ ፍለጋውም ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ምክንያቱም ፈላጊው የሚጠይቀው ዊንዶውስን ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ተሸውዷል። ምርጥ የተባለውን ማራገፊያ ብትጭኑም ያው ነው። "ይህ ማራገፊያ ማንኛውንም ፕሮግራም ያጠፋል" የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ማራገፊያ ማየት የሚችለውን ብቻ ነው የሚያጠፋው።

ስሙን ቀይሮ የሚሠራ አገልግሎትም ነበር። ዊንዶውስ ውስጥ የተመዘገበው "ፕለግ ኤንድ ፕሌይ ዲቫይስ ማናጀር" ተብሎ ነው። የዊንዶውስ የራሱ አካል ይመስላል። አንድ ሰው መደበቂያውን ገፎ ቢያየው እንኳ በዚህ ስም ምክንያት ሊነካው ይፈራል። ሥራውም ዝርክርክ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በየሁለት ሰከንዱ እየተነሳ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ፋይሎች ይፈትሻል፤ በአንድ ዙር የእያንዳንዱን ፋይል መረጃ ስምንት ጊዜ ይጠይቃል። ሲዲው ባይኖርም ይህ አይቆምም።

ሩሲኖቪች በእጁ ሊያጠፋው ወሰነ። መደበቂያውን አስቆመ፣ ድራይቨሮቹን ሰረዘ፣ ምዝገባቸውን ከሬጂስትሪ አነሳ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳ። የሲዲ ድራይቩ ጠፋ። ዊንዶውስ የሲዲ ድራይቭ እንዳለው ረሳ ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ከድራይቨሮቹ ሁለቱ፣ ክሬተርና ኮር የሚባሉት፣ "ፊልተር" የሚባሉ ዓይነት ናቸው። ፊልተር ድራይቨር በዊንዶውስና በዕቃው መካከል ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሲዲ ድራይቩ መዝገብ ውስጥ የተጻፉትን ፊልተሮች አንድ በአንድ ይጠራል። የተጠራው ፊልተር ከሌለ ዕቃውን በሙሉ አያስነሳውም። ፋይሉን አጥፍቶ ስሙን በሲዲ ድራይቩ መዝገብ ላይ መተው ማለት ስለዚህ ዕቃውን መግደል ማለት ነው። ስሙን ለመፋቅ ደግሞ አንዱ ቁልፍ ለአስተዳዳሪም የተዘጋ ነበር። ሩሲኖቪች የሬጂስትሪ ማረሚያውን በሲስተሙ በራሱ ማንነት አስነስቶ ነው የፋቀው። ከዚያ የሲዲ ድራይቩ ተመለሰ።

ይህን ስንት ሰው ይችላል? እሱ ራሱ ያኔ ያስጠነቀቀው ይህንን ነው። ተራ ተጠቃሚ የተደበቁትን ፋይሎች አግኝቶ ቢያጠፋ ኮምፒውተሩን ያበላሻል። በዚህ ላይ ድራይቨሮቹ በሴፍ ሞድም እንዲነሱ ተደርገው ነበር። ማለትም አንዳቸው ብልሽት ቢኖርባቸው፣ ኮምፒውተር ሲበላሽ የምንገባበት የመጨረሻው በርም አብሮ ይዘጋል።

ትርፍራፊ ፋይልን በጅምላ ማጥፋት እንደ ንጽሕና ይቆጠራል። በፎልደርና በአቋራጭ ምልክት ላይ ምንም አይደለም። ድራይቨር ባለበት ግን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ከመዝገቡ መፋቅ፣ እንደገና ማስነሳት፣ ፋይሉን ማጥፋት በመጨረሻ። ዛሬም የሲዲ ማቃጠያ ወይም የዲስክ መሳይ ፕሮግራም ከተራገፈ በኋላ የሲዲ ድራይቩ የጠፋባቸው ሰዎች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ወደዚሁ ፊልተር ይመለሳል።

የኩባንያው መልስ

የመጀመሪያው መልስ በሁለት ቀን ውስጥ መጣ። ኩባንያው ፕሮግራሙ ተንኮል የለበትም፣ ደኅንነትንም አይጎዳም አለ፤ ሆኖም ስጋት ያደረባቸው እንዲረጋጉ መደበቂያውን የሚያነሳ ማሻሻያ አቀረበ። ልብ በሉ፣ መደበቂያውን ነው። ፕሮግራሙ አልተነሳም። እንዲያውም ማሻሻያው አዲስ የፕሮግራሙን ክፍሎች ይዞ መጣ።

ሩሲኖቪች ይህንንም ፈተሸው። ማሻሻያው አሪስን የሚያወርደው ኮምፒውተሩ እየሠራ እያለ ነው። በዚያች ቅጽበት ሌላ ፕሮግራም የአሪስን መስመር ተከትሎ እያለፈ ከሆነ ከሥሩ መሬቱ ይከዳዋል፣ ኮምፒውተሩም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁልጊዜ አይሆንም። ግን ሊሆን ይችላል። ድራይቨሩን ከምዝገባው ሰርዞ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሳት ይበቃ ነበር። ማንም የዊንዶውስ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

ሙሉ በሙሉ ማራገፍ የፈለገ ሰው ግን ማውረጃ አልነበረውም። ቅጽ ይሞላል። ኢሜይል ይጠብቃል። ኢሜይሉ ሌላ ገጽ ላይ ይልከዋል፣ እዚያም ሌላ ቅጽ አለ። በመጨረሻ የሚላክለት አድራሻ የሚሠራው ቅጹን በሞላበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ሲገባ አንድ ጊዜ "እስማማለሁ" ማለት ብቻ ነበር የፈለገው። ሲወጣ ማመልከቻ ጠየቀ።

የኩባንያው የዓለም አቀፍ ዲጂታል ንግድ ኃላፊ ቶማስ ሄሲ በዚያው ሳምንት በአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ላይ የተናገረው ብዙ ተጠቅሷል። ብዙ ሰው ሩትኪት ምን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ታዲያ ለምን ይጨነቃል? የሚል ነበር። ከዚህ ንግግር በኋላ ሩትኪትን የማያውቀው ሰው ሁሉ አወቀው።

ቀዳዳው

ከዚያ ማራገፊያው ራሱ ተመረመረ። ማቲ ኒኪ የተባለ ፊንላንዳዊ ተመራማሪ አንድ ነገር እንደማያምር አስተዋለ። ኖቬምበር 15 ላይ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤድ ፌልተንና ያኔ ተማሪው የነበረው አሌክስ ሃልደርማን ዝርዝሩን አወጡ።

ማራገፊያውን ለመጠየቅ ቅጹ ሲከፈት፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ኮድሰፖርት የሚባል አክቲቭኤክስ ይጭናል። አክቲቭኤክስ ማለት ድረ ገጽ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም እንዲሠራ የሚያስችል ክፍል ነው። ኮድሰፖርት ሰውየው ከገጹ ከወጣ በኋላም ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። "ማንኛውም ገጽ ቢያዘኝ ችግር የለም" የሚል ምልክትም ተደርጎበታል። ከሚቀበላቸው ትእዛዞች አንዱ ደግሞ ከኢንተርኔት ላይ ፕሮግራም አውርዶ ማስነሳት ነው። ፕሮግራሙ ከሶኒ ወይም ከፈርስት ፎር ኢንተርኔት የመጣ መሆኑን አያጣራም።

ቀስ ብለን እናንብበው። ኮድሰፖርት ያለበት ኮምፒውተር አንድ ክፉ ገጽ ቢከፍት፣ ያ ገጽ የፈለገውን ፕሮግራም ሊጭንበት ይችላል። ባለቤቱ ምንም መንካት የለበትም፤ ገጹን መክፈቱ ይበቃል። ማራገፉን ሳይጨርስ ጥያቄውን ብቻ ያቀረበ ሰው እንኳ ቀዳዳው ተከፍቶበታል። ሌባ ሊያስወጣ የገባ ሰው በሩን ነቅሎ እንደሄደ ቁጠሩት።

ከሁለቱ የቱ ይብሳል ብዬ ሳስበው መልሱ አያከራክረኝም። የመጀመሪያው ፕሮግራም ጠላት ገብቶ ከሆነ ይደብቀዋል። ማራገፊያው ግን ጠላት እንዲገባ ያደርጋል። በዚህ ቀዳዳ የተያዙት ደግሞ ጠንቃቆቹ ናቸው፤ ዜናውን የሰሙት፣ የተጨነቁት፣ ቅጹን የሞሉት። ምንም ያልሰማው ሰው ይሻል ነበር።

አጋጣሚ ነው እንዳይባል ሌላም አለ። ሶኒ ቢኤምጂ ሰንኮም ከተባለ ኩባንያ የወሰደው ሚዲያማክስ የሚባል ሁለተኛ መከላከያ ሌሎች ሲዲዎች ላይ ነበር። ይህኛው ተጠቃሚው ከመስማማቱ በፊት ነው ፋይሎቹን የሚጭነው። የእሱም ማራገፊያ በአክቲቭኤክስ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ፣ ተመሳሳይ ቀዳዳም ነበረበት። ዲሴምበር ላይ ለሚዲያማክስ ሌላ ድክመት ማስተካከያ ሲወጣ ደግሞ፣ ማስተካከያውን ማስነሳቱ ራሱ አስቀድሞ የተጠመደ ፋይልን ሊያስነሳ እንደሚችል ታየ።

ሰንኮምና ሃልደርማን ድሮም ይተዋወቁ ነበር። በ2003 ሃልደርማን የኩባንያውን የቀድሞ መከላከያ ሲዲው ሲገባ የሺፍት ቁልፍን ተጭኖ በመያዝ ብቻ ማለፍ እንደሚቻል ጽፎ ነበር። ኩባንያው እከስሃለሁ ብሎ ዛተ፣ ወዲያው ደግሞ ተወው።

ምን ያህል ኮምፒውተር?

ይህን ለማወቅ ዳን ካሚንስኪ የተባለው የደኅንነት ባለሙያ የተጠቀመበት ዘዴ ብልጠቱ ደስ ይለኛል። የኤክስሲፒ ማጫወቻ ወደ ሶኒ አድራሻ መልእክት ይልካል። ለመላክ መጀመሪያ የአድራሻውን ቁጥር ከስም መፍቻ ሰርቨር ይጠይቃል። ሰርቨሩም መልሱን ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጠዋል። ካሚንስኪ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰርቨሮችን "ይህ ስም አሁን በእጃችሁ አለ?" ብሎ ጠየቀ። 568,200 ሰርቨሮች አለ አሉ። ይህ የኮምፒውተሮች ቁጥር አይደለም። አንዱ ሰርቨር ጀርባ አንድ ኮምፒውተርም ሺህ ኮምፒውተርም ሊኖር ይችላል። ስርጭቱ ግን ትንሽ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። ኩባንያው ኤክስሲፒ ያለባቸውን ሲዲዎች ማምረት አቆመ፣ በድረ ገጽ የሚሠራውን ማራገፊያ ዘጋ፣ ሲዲዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። ወደ 4.7 ሚሊዮን ገደማ ተመርተው 2.1 ሚሊዮን ያህሉ ተሸጠው ነበር። ማይክሮሶፍት መደበቂያውን በራሱ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ማስወገጃ መሣሪያ ውስጥ አስገባው። ወርዶ የሚነሳ፣ አክቲቭኤክስ የማይፈልግ አዲስ ማራገፊያ ዲሴምበር ላይ ወጣ። መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

የአሜሪካ አገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበሩት ስቱዋርት ቤከር በዚያው ኖቬምበር ለቅጂ መብት ባለቤቶች የአእምሮ ንብረቱ የእናንተ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን የእናንተ አይደለም የሚል መልእክት አስተላልፈዋል። ክሶቹም ተከተሉ። ቴክሳስ ኖቬምበር 21 ላይ ከሰሰች። የገዢዎች የጋራ ክስ በ2006 በስምምነት አለቀ፤ የኤክስሲፒ ሲዲ የገዛ ሰው በምትኩ ንጹሕ ሲዲ፣ ከዚያም 7.50 ዶላርና አንድ አልበም፣ ወይም ሦስት አልበም እንዲያወርድ ተፈቀደለት።

ከሁሉም ለማራገፊያ ጉዳይ የሚቀርበው በጃንዋሪ 2007 ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር የተደረሰው ስምምነት ነው። ተጠቃሚው እንዳያገኘው ወይም እንዳያጠፋው ተደርጎ የተሠራ መከላከያ መጫን ተከለከለ። አግባብ ያለውና የሚሠራ ማራገፊያ ማቅረብ ግዴታ ሆነ። ኩባንያው እስከ 150 ዶላር ካሳ እንዲከፍልም ተስማማ። ካሳው የሚከፈለው ፕሮግራሙን ለማጥፋት ሲሞክሩ ኮምፒውተራቸው ለተበላሸባቸው ነው። የጠፋውን የሲዲ ድራይቭ አስታውሱ።

ዛሬ ቢሆንስ?

ልክ እንደዚያው መድገም ይከብዳል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ አሪስ ያደረገውን ዓይነት ነገር ልቡ ላይ ሲያይ ራሱን ያቆማል። አዳዲስ ድራይቨሮች የማይክሮሶፍት ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በ2022 ጡረታ ወጥቷል፣ አክቲቭኤክስም አብሮት ተረስቷል።

የማራገፊያው ነገር ግን ብዙም አልተለወጠም። ጸረ ቫይረሶች፣ ቪፒኤኖች፣ የጨዋታ ጸረ ማጭበርበሪያዎች ዛሬም ድራይቨር ይጭናሉ። አንዳንዶቹ ለብቻው የሚወርድ ማስወገጃ አላቸው። ያ ማስወገጃ የሚነሳው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው፤ ከዚያ በላይ እምነት የምንጥልበት ፕሮግራም የለም። ስለዚህ ከሠሪው ገጽ ብቻ ማውረድ፣ ፊርማውን ማየት፣ ከመነሳቱ በፊት የመመለሻ ነጥብ ማስቀመጥ ይገባል። "ማራገፊያው እንዲሠራ መጀመሪያ ይህን የብራውዘር ተቀጥላ ጫን" የሚል ካለ እኔ እዚያው ነው የምተወው።

ሩሲኖቪች የሠራው አውቶራንስ ዛሬም በነፃ ይገኛል፤ ሲስኢንተርናልስን ማይክሮሶፍት በ2006 ገዝቶታል። ከዊንዶውስ ጋር የሚነሱትን ነገሮች ሁሉ ይዘረዝራል፣ ድራይቨሮችንና አገልግሎቶችን ጨምሮ። ዝርዝሩን ከማራገፍ በፊት አንድ ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ከተነሳ በኋላ አንድ ጊዜ ማስቀመጥና ሁለቱን ማወዳደር ይቻላል። ፋይሉ የጠፋ ስሙ ግን መዝገብ ላይ የቀረ ነገር በቢጫ ቀለም ይወጣል። ማራገፊያው ራሱ የተወው አገልግሎት ካለም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።